ከሳድስ ወደ ካዕብ

ጋሼ የደወሉልኝ ስለ ኮምፒውተር ለመንገር አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ መጃጀት ሳልጀምር አልቀረሁም» አሉኝ። ዴስክቶፑ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ እንደሚጠፋ የነገሩኝ ኋላ ነው፤ ከመጣህ አይቀር እሱንም ነካ ነካ አድርግልኝ በሚል ዓይነት። የሚኖሩት ዱባይ፣ አል ጋርሁድ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ አሮጌ ቪላ ውስጥ፣ በቦርድ ከተከፈሉት ክፍሎች በአንዱ። መንገዱን ሲጠቁሙኝ «ጂጂኮ ውረድ» አሉ። የሜትሮው ጣቢያ ስሙ ተቀይሮ አል ጋርሁድ ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። ካርታውም፣ ባቡሩ ውስጥ የሚሰማው ድምፅም የድሮውን ስም ረስተውታል፤ ጋሼ አልረሱትም። እንግዲህ ረሳሁ የሚሉት እኚህ ሰው ናቸው።

ያስጨነቃቸው የእቁቡ መዝገብ ነው። ዴራና አል ጋርሁድ የሚሠሩ ሀበሾች የገቡበት የወር እቁብ ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው፤ መዋጮው 500 ድርሃም። መዝገቡን በዚያ ዴስክቶፕ ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይይዙታል፦ ስም፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ከጎኑ አጭር ማስታወሻ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለፉትን ወራት ሲያገላብጡ የአንዲት አባል ክፍያ 100 ይላል። ደውለው 400 እንደሚቀርባት ነገሯት። «ኧረ ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ቆጥሬ ነው የሰጠሁዎት» አለቻቸው። ሰው ቤት የምትሠራ፣ እያንዳንዷን ድርሃም በላቧ የምታውቅ ሴት ናት። ጋሼ አልተከራከሩም። 500 ተቀብለው 100 ጽፈው ይሆን? ወይስ 100 ተቀብለው የጎደለውን ለባለ ዕጣው ከኪሳቸው ሞልተው ሰጥተው? አንዱንም ማስታወስ አልቻሉም። በእጅ የሚጻፈውን ደብተር የምትይዘው ጸሐፊ ደግሞ ለዕረፍት አገር ቤት ገብታለች። እስክትመለስ ጠብቀው ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሊያስረክቡ ወስነው ነበር።

ዴስክቶፑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የጎን ክዳኑን ስፈታ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ የበረሃ አቧራ የማራገቢያውን ክንፎች አልብሷቸዋል። ውስጡ ሁለት ባለ 2 ጊጋባይት ራሞች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። አቧራውን በብሩሽ ጠራርጌ፣ ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነሣሁ። ይህችን ፕሮግራም ክሪስ ብሬዲ የሚባል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ዘሮቿ እስካሁን ይሠራሉ። ሥራዋ ከአብነት መምህር ሥራ አይለይም። ለራሙ አንድ ነገር ትነግረዋለች፣ ቆይታ «ያልኩህን መልስልኝ» ትለዋለች። ከዚያ የዚያኑ ግልባጭ ትሰጠዋለች፤ ዜሮ በነበረበት አንድ፣ አንድ በነበረበት ዜሮ። ደግማ ትጠይቀዋለች። ከፈተናዎቿ መካከል እኔ የምወዳት ጽፋ ለደቂቃዎች ዝም የምትለዋን ነው። ምንም አትሠራም፣ ምንም አትጠይቅም፤ ትጠብቃለች ብቻ። የማስታወስ ፈተና ብዬ ከልቤ የምቀበለው ይህን ነው፤ ወዲያው ሲጠይቁት ሁሉም ያስታውሳልና።

ሌሊቱን ሲፈተን አደረ። ጠዋት ላይ ስሕተት ዜሮ ይላል። «ጋሼ፣ ራሙ ደኅና ነው» አልኳቸው፤ የምሥራች የነገርኳቸው መስሎኝ። ፊታቸው ሲጠቁር ነው የገባኝ። ማሽኑ ደኅና ነው ማለት፣ ጥፋቱ የእሳቸው ነው ማለት ነበር።

ወጥቼ ሜትሮው ላይ ሳለሁ ነው ያፈርኩት። የጠየቅሁት በሌሊት ነው፤ ኤሲው ሲሠራ አድሮ ክፍሉ እንደ ደጋ ቀዝቅዞ። ጋሼ ፋይሉን መቼ እንደሚከፍቱት እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ደወልኩ። ጠዋት ይከፍቱታል፣ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፣ ማታ ሴቭ አድርገው ያጠፋሉ። ከቀትር በኋላ ኤሲው ይደክማል፤ ኮምፒውተሩ ያለው ደግሞ በመስኮቱና በቁም ሣጥኑ መካከል ነው። በዱባይ ነሐሴ እዚያ ጥግ ላይ እጅ ማስቀመጥ ያስቸግራል።

ሙቀት ለምን እንደሚያገባው ለማስረዳት ራም ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮበርት ዴናርድ አንዲትን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ካፓሲተር ብቻ መያዝ እንደሚቻል አሰበ፤ ፓተንቱን በ1968 አገኘ። ካፓሲተሯን የኤሌክትሪክ ጽዋ እንበላት። ከሞላች አንድ ናት፣ ከጎደለች ዜሮ። በጋሼ ራሞች በእያንዳንዳቸው ላይ ከ17 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ጽዋዎች አሉ። ጽዋዎቹ ግን ሁሉም ያፈስሳሉ። አንድም የማያፈስስ የለም። ስለዚህ ማሽኑ በየ64 ሚሊሰከንዱ፣ በሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ ማለት ነው፣ በሁሉም ዘንድ ይዞራል፤ የያዘችውን ያያል፣ መልሶ ይሞላል። ከዚህ የሚገርመው ማየቱ ራሱ ጽዋዋን ባዶ ማድረጉ ነው። የተነበበች ቢት በንባቡ ትፈስሳለች፤ ያነበባት ክፍል ያነበበውን እንደገና ካልጻፈ ጠፍታ ትቀራለች። ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ራሙ ከ85 ዲግሪ ሲያልፍ ዙሩን በእጥፍ ማፍጠን ግድ ነው። ያረጀች ወይም ከጥንቱ ደካማ የነበረች ጽዋ ከዚያም በታች፣ ተራዋ ሳይደርስ ትጎድላለች።

እኛ ይህን ዕቃ በመጽሐፍ አማርኛ ማኅደረ ትውስታ እንለዋለን። ቃሉ ያምራል። ማኅደር ብራና የሚከተትበት፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቆዳ ቤት ነው። ዳዊት ማኅደሩ ውስጥ መቶ ዓመት ማንም ሳይነካው ቢቆይ ያው ዳዊት ነው። ፈላስፋው አፍላጦንም በቴአይቴቶስ መጽሐፉ ትውስታን በሰም ጽላት ላይ እንደታተመ ማኅተም አድርጎ ሲያስበው የሣለልን አንድ ዓይነት ማኅደር ነው፤ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፣ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል። ራም ግን እንዲህ አይደለም። ራም የቃል ትምህርት ነው። መጽሐፍ በሌለበት፣ በጨለማ፣ መምህሩ ያቀበለውን ዜማ ሌሊቱን ሲመላለስበት የሚያድር ደቀ መዝሙር ነው። ከልሶ ካላደረ ነገ የለውም። ክለሳ ለራም ማስታወሻውን የሚያጸናበት ተጨማሪ ሥራ አይደለም፤ ማስታወሱ ራሱ ክለሳው ነው። ክለሳው ሲቆም የሚቀር ነገር የለም።

ብዙ ዓመት በዚህ ሐሳብ ተጽናንቻለሁ። ስደተኛ ሁሉ ይጽናናበታል። ደጋግመን ካወራን አገሩ አይጠፋም፤ ስሞቹን ከጠራን፣ ሰባት ቤት ከቆጠርን፣ ቡና አፍልተን ያንኑ ታሪክ ከደገምን አይፈስስም። የጋሼ ራም ይህን መጽናኛ ነው የነካብኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ኤሲውን አጥፍተን፣ መጋረጃውን ገልጠን፣ ፈተናውን እንደገና አስጀመርን። አርባ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ቀይ መስመር መጣ። ሁለተኛ ቀይ መስመር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ ቆሙ። በአንዱ ዓምድ ፕሮግራሟ የጻፈችው፣ በሌላው ራሙ የመለሰው ይታያል፤ ልዩነታቸው በሁሉም መስመር 4 ነበር። ከቀኝ ሦስተኛዋ ቢት ናት፤ ሁልጊዜም አንድ የነበረችው ዜሮ ስትሆን እንጂ ዜሮ የነበረችው አንድ ስትሆን አልታየም። የምታፈስስ ጽዋ ትጎድላለች እንጂ አትሞላም።

አራት። አምስት መቶ፣ አንድ መቶ። ወረቀት አመጣሁ። ኮምፒውተር 5 የሚለውን አኃዝ ሲጽፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቢቶች 0101 ናቸው። ከቀኝ ሦስተኛዋ ስትፈስስ 0001 ይሆናል፤ ይህም 1 የሚለው አኃዝ ነው። ከ500 ወደ 100 ለመውረድ ሰው መርሳት አላስፈለገውም፤ አንዲት ጽዋ መጉደሏ በቃ።

ያኔ ፋይሉን ከፍቼ የዚያችን ሴት መስመር እንደገና አየሁ። ማስታወሻው «ለልጁ ትምህርት» ይላል። «ጋሼ፣ የሴትየዋ ልጅ ወንድ ነው?» አልኳቸው። «ሴት ናት እንጂ። እኔ ለልጁ ብዬ አልጽፍም፤ ለልጅ ትምህርት ብዬ ነው የጻፍኩት» አሉ፤ እንደተናገሩ ግን ድምፃቸው ላላ፤ በቅርቡ ስንት ጊዜ እርግጠኛ ሆነው ተሳስተዋልና። እኔ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ወረደብኝ።

የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሰፋፈሩም እንደ ፊደል ገበታችን ነው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ አለው፤ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6። በሦስት ቢት ውስጥ ሁሉም ይገባሉ። ጅ ሳድስ ናት፣ መጨረሻዋ 5፤ ጁ ካዕብ ናት፣ መጨረሻዋ 1። ያቺው ከቀኝ ሦስተኛዋ ቢት ስትፈስስ «ልጅ» «ልጁ» ይሆናል። አንድ የታመመ ሕዋስ አኃዙንም ፊደሉንም በአንድ መንገድ ነው የሸረሸረው፤ አምስቱን ወደ አንድ፣ ሳድሱን ወደ ካዕብ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ገበታውን ስመለከት አመሸሁ። «ቤቴ» እና «ቤት» የሚለያዩት በአንዲት ቢት ነው፤ ቴ 4፣ ት 5። «እናቴ» እና «እናት»፣ «ልጄ» እና «ልጅ» እንዲሁ። «የእኔ» የሚለው ነገር በሙሉ፣ ሰው በባዕድ አገር ሌሊት የሚያቅፈው ነገር በሙሉ፣ በአንዲት ጽዋ ውስጥ በተቋጠረ ኤሌክትሪክ ላይ ያርፋል። «ሄደ» እና «ሄዱ»ም እንደዚያው ናቸው፤ አክብሮት አንዲት ቢት ነው። በቋንቋችን ትልልቁ ነገር የሚኖረው በትንሿ ቅጥያ ውስጥ መሆኑን ሁልጊዜ አውቀው ነበር፤ ቁጥሩን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ የተበላሸው ቃል የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። «ለልጁ ትምህርት» ጥሩ አማርኛ ነው። 100 ድርሃምም እውነተኛ ገንዘብ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ቢያንስ ይጮኻል፣ ያሳውቃል፤ ይኸኛው መርሳት ግን ያስታወሰ መስሎ ነው የሚመጣው።

ስለ ክለሳው የከፋውን ገና አልተናገርኩም። ማሽኑ ጽዋዋን ሲያነብ ምን ያህል እንደጎደለች አይመዘግብም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ከግማሽ በላይ ነሽ ወይስ በታች? ከግማሽ በላይ ከሆነች አፍ እስከ ገደፏ ይሞላታል። ከግማሽ በታች ከወረደች ጨርሶ ባዶ ያደርጋታል፤ ከዚያ በኋላ በየ64 ሚሊሰከንዱ እየዞረ ያንኑ ባዶነት በታማኝነት ያጸናዋል። ስሕተቱ የገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ክለሳው ግን እውነት አድርጎ በሰከንድ አሥራ አምስት ጊዜ ይደግመዋል። የተጠራጠረበትን ቅጽበት የሚያስታውስበት ቦታ የለውም።

ሰውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ አይጦችን ድምፅ ሲሰሙ እንዲፈሩ አስለመዷቸው። ፍርሃቱ ከጸና በኋላ ድምፁን አሰምተው እንዲያስታውሱ አደረጉና፣ ወዲያው አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት አንጎላቸው ውስጥ ጨመሩ። ፍርሃቱ ጠፋ። ድምፁን ሳያሰሟቸው መድኃኒቱን ብቻ ሲሰጧቸው ግን ትውስታው አልተነካም። ስናስታውስ ትውስታው ይከፈታል፤ መልሶ እስኪጻፍ ድረስ ሜዳ ላይ ነው።

ደሴ ያደግሁበት ቤት የግቢ በር አረንጓዴ ነበር። ይህን ዘጠኝ ዓመት እዚህ አውርቻለሁ። አብረውኝ ለኖሩ ሁሉ፣ ቡና በፈላ ቁጥር፣ ማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያበራ ጭምር። ባለፈው ዓመት እናቴ ፎቶ ላከችልኝ፤ በሩ ቡናማ ነው። «መቼ ቀባችሁት?» አልኳት። «ከተሠራ ጀምሮ ማንም አልቀባውም ልጄ» አለችኝ። አረንጓዴው ከየት እንደገባ አላውቅም። እንዴት እንደጸና ግን አውቃለሁ፤ እያወራሁ ያጸናሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ደጋግሞ ማለት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም ምርጫ፣ ብራሰልስ ውስጥ ስካርቤክ በተባለ ወረዳ፣ አንዲት ዕጩ በኤሌክትሮኒክስ ቆጠራ 4096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። 4096 ሁለት በራሱ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ አንዲት ቢት ብቻ ስትዞር የሚፈጠር። ስሕተቱ የተገኘው ኮምፒውተሩ ስለተጠራጠረ አይደለም፤ ድምፁ ሊገኝ ከሚችለው በላይ መሆኑን ሰዎች ስላዩና ካርዶቹን እንደገና ስለቆጠሩ ነው። ትልልቆቹ ሰርቨሮች ለዚህ ነገር መድኃኒት አላቸው፤ ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መላ ላይ በመመሥረት ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን የሚመሰክር ትርፍ ቢት ይይዛሉ፤ አንዲት ቢት ብትዞር ምስክሮቹ ይጠቁሟታል፣ ትቃናለች። የቤት ዴስክቶፕ ራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስክር የለውም። እቁብ ይህን ከጥንት ያውቃል። ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሁለት ሰው የሚሆኑት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ብቻ አይመስለኝም፤ ሐቀኛ ሰውም ብቻውን ሲያስታውስ ያፈስሳል።

ጥገናው ይህን ያህል አይወራለትም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣሁ፤ እጄንም የብረት ቀፎው ላይ አሳረፍኩ። አንዱን ራም አውጥቼ በሌላው ብቻ ፈተንኩ፣ ከዚያ አቀያየርኩ፤ በመጨረሻም ቦታቸውን አለዋውጬ ጥፋቱ የስሎቱ ሳይሆን የራሙ መሆኑን አረጋገጥኩ። ቀይ መስመሩ አንደኛውን ራም ተከትሎ ሄደ። ለምትኩ ሜትሮ ይዤ፣ በባሕር ሠርጡ ሥር አልፌ ቡርጁማን ወረድኩ፤ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ያገለገለ ባለ 2 ጊጋ በ30 ድርሃም አገኘሁ። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ፈትጌ፣ ስሎቱ ላይ ሁለቱም ማቀፊያዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ በሁለት አውራ ጣት ተጫንኩት። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በሙቀት ፈተንኩት፤ አንድም ቀይ አልመጣም።

ጋሼ የወጣውን ራም መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

«የትኛዋ ናት?»

«አትታይም ጋሼ። ከ17 ቢሊዮኑ አንዷ ናት።»

«ሌሎቹ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ታዲያ ለአንዷ ብለህ ሁሉንም ትጥላለህ?»

መልስ ነበረኝ። ያቺን ቦታ ዝለላት ብሎ ለሲስተሙ መንገር ይቻላል፤ ራሙ በቀሩት ይሠራል፣ ዓመታት ያገለግላል። ፊልም ለሚያይ ሰው ቢሆን እንዲያ አደርግ ነበር። የሰው ላብ ለሚጻፍበት መዝገብ ግን አልደፈርኩም። ይህን ነገርኳቸው። ራሙን በመሐረብ ጠቅልለው ፓስፖርታቸውን የሚያስቀምጡበት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ጸሐፊዋ ከአገር ቤት የተመለሰች እሑድ አብረን ተሰበሰብን። በርበሬና ድርቆሽ ይዛ መጥታለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ጫፉ የተጣጠፈ ባለ መስመር ደብተር። ጋሼ ስክሪኑ ፊት፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ስም በስም ተነባበቡ። እሷ ትላለች፣ እሳቸው ይላሉ። «አምስት መቶ።» «አምስት መቶ።» «አምስት መቶ።» «አምስት መቶ።» አውሮፕላን ሲያልፍ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ሲርቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የሴትየዋ መስመር ላይ ሲደርሱ የጋሼ ድምፅ ቀረ።

«አምስት መቶ» አለች ጸሐፊዋ።

«እኔ ጋ አንድ መቶ ነው የሚለው።»

ደብተሩን አዙራ አሳየቻቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ 500፣ ከጎኑ የጋሼ የራሳቸው ፊርማ። ከሥሩ በእሷ የእጅ ጽሑፍ «ለልጅ ትምህርት»። ጋሼ ፊርማቸው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ 1ን አጥፍተው 5 ጻፉ፤ ጁን አጥፍተው ጅ ጻፉ። ሴቭ አደረጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ስልካቸውን አነሡ።

«ሃሎ፣ ልጄ» አሉ። «ጋሼ ነኝ። ያቺ የ400ዋ ነገር…»